አናጢው፣ ማቀፊያውና የዋንዛው ጣውላ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን ስትከፍቱ አየሁ፤ ቆዩ። ዛሬ ላምም የለም፣ በረትም የለም። የዛሬው ተረት የእንጨት ነው። እንጨት ዝምተኛ ይመስላችኋል እንጂ ወሬኛ ነው፤ ሲደርቅ ይንቋቋል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲነድ ይንጣጣል። ስለዚህ እኔ «ተረት ተረት» ስል እናንተ «የዋንዛ ሥር» በሉኝ።

አላችሁ? ደግ። እንግዲህ ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ እንጨትና ወፍ ከሰው ጋር በሚነጋገሩበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር እርገጤ የሚባል አናጢ ነበር። በር ሥራ ቢሉት ይሠራል፣ አልጋ ሥራ ቢሉት ይሠራል፣ ሞፈር ጥረብ ቢሉት ይጠርባል። ሰው ሲሞትም ሣጥን የሚሠራው እሱ ነው። እጁ የተባረከ ነበር። አንዲት ክፉ አመል ብቻ ነበረችበት፤ ሠርቶ የማያውቀውን ነገር ሲጀምር እጁ ይንቀጠቀጣል። ሰው እንዳያይበትም ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

ሚስቱ አሰለፈች ትባላለች። እሱ ግን «አሰሉ» ነው የሚላት። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሁለት ሆነው አንድ ገበታ ቀርበዋል። አሰለፈች በልጅነቷ የሰርግ ዘፈን አውራጅ ነበረች። ኋላ ደረቷን ሳል ያዛትና ድምፅዋ ተዘጋ። ሰርግ ቤት ስትሄድ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረች።

በአንድ ሰኔ ወንዙ ሞላ። መንገደኛ ሁሉ ወደየመጣበት ተመለሰ፤ አንዱ ግን የሚመለስበት ሩቅ ነበርና እነእርገጤ ቤት «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ገባ። ጀርባው ላይ ጊታር አዝሏል። ለአንድ ቀን የገባው እንግዳ ወንዙ አላሻግር ብሎት ሦስት ቀን ቆየ።

በመጀመሪያው ቀን ጊታሩን ሲጫወት አሰለፈች ጆሮዋን ሰጠች። በሁለተኛው ቀን ሲጫወት አሰለፈች ሥራዋን ተወች። በሦስተኛው ቀን ሲጫወት ያቺ የተዘጋች ድምፅዋ ቀጥና፣ ተሰባብራ፣ ወጣች። አሰለፈች ከጊታሩ ጋር አንዲት ዘፈን እስከ መጨረሻዋ ዘፈነች። እርገጤ ከደጅ ሆኖ እንጨት ሲልግ ሰማት። መላጊያውን አስቀመጠና በክንዱ ዓይኑን ጠረገ።

«አንተዬ» አለችው ስትወጣ፣ «ይህን ነገር ሥራልኝ። ሰው ብቻውን ሲዘፍን ትንፋሹን ራሱ ይሸከማል፤ እኔ ደግሞ መሸከም አቃተኝ። ይሄ አብሮኝ ይሸከማል።»

«እሠራልሻለሁ» አለ እርገጤ። ከአፉ ሲወጣ ቀላል ነበር።

ወደ እንግዳው ሄዶም ጠየቀ። «ለመሆኑ ለዚህ ነገር ስንት ዓይነት ማቀፊያና ማስያዣ ያስፈልጋል?»

እንግዳው ሳቀ። «ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ጊታር አንድ ማቀፊያ ይበቃል። የጎኑን እንጨት አሳስተህ ላገው፣ ውሃ አጠጣው፣ በጋለ ብረት ላይ ቀስ እያልክ ቆልምመው። እንጨት ሲሞቅ ልቡ ይራራል። ከዚያ በማቀፊያው ውስጥ አሳድረው፤ ሲበርድ በታቀፈበት ቅርጽ ይቀራል። ሌሎቹ፣ ማጥበቂያው፣ የመጋዝ መምሪያው፣ እነሱ ሃምሳ ጊታር ለሚሠራ ናቸው። አንተ በገመድ እሰር፣ በድንጋይ ተጫን፣ በዓይንህ ገምት። ይጠማል። ይጥመም! የበኩር ልጅ ነው።»

«ማቀፊያው ከምን ይሁን?»

«ከደረቅ እንጨት። እርጥብ እንጨት ራሱ ይጠማዘዛል፤ ራሱን ያልያዘ ሌላውን አይዝም።»

አሰለፈች ጊታሩን ከእርገጤ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ አስደገፈችና ዙሪያውን በከሰል ነደፈችው። ትከሻው፣ የጠበበ ወገቡ፣ ሰፊው ዳሌው፣ ሁሉም በጭቃው ግድግዳ ላይ ቀረ። እንግዳውም ላስጠጉት ውለታ ይሁን ብሎ ከኪሱ ስድስት አዲስ ክሮች አውጥቶ ሰጣት። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው። ወንዙ ጎደለ፤ እንግዳውም ተሻግሮ ሄደ።

ከቆጡ ላይ አንድ ወፍራምና ሰፊ የዋንዛ ጣውላ ነበር። አሰለፈች የተወለደች ዕለት አባቷ የተከለው ዋንዛ ነው። ነፋስ ሲጥለው እርገጤ ሰንጥቆ ለክፉም ለደጉም ብሎ ሰቀለው፤ አሥር ዓመት ጭስ እየጠጣ ደርቋል።

«እኔ አለሁ!» አለ ጣውላው ከላይ። «አውርደኝ። ደርቄያለሁ፤ ሲነኩኝ እዘፍናለሁ።»

እርገጤ አወረደው። በጣቱ አንጓ መታ አደረገው። ድምም! አለ ጣውላው፣ ድምፁም ቤቱን ሞላ። እርገጤ መጋዙን አነሳ። ያን ጊዜ እጁ ተንቀጠቀጠ።

«ብትሰነጠቅብኝስ? ሁለተኛ ዋንዛ የለኝም» አለ።

«ሳትነካኝ እንዴት ታውቃለህ?» አለ ጣውላው።

«ነገ» አለ እርገጤ። «አስቀድሜ ማቀፊያውን ልሥራ።» ጣውላውንም ወደ ቆጡ መለሰው።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለበትም፤ እንግዳውም ማቀፊያ ያስፈልጋል ብሏል። አትፍረዱበት። ፍርዱ ኋላ ይመጣል።

ጊዜው ሐምሌ ነበር። በአገሩ ያለ እንጨት ሁሉ እርጥብ ነው። ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከቤት ውስጥ ብቻ ሆነ። ከቤቱ ደጃፍ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ የወይራ አግዳሚ ወንበር ነበር። አሰለፈች ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እሱ ላይ ተቀምጣ ደረቷን ፀሐይ ታሞቅ ነበር።

እርገጤ ወደ አግዳሚው መጋዙን ይዞ ሲመጣ አግዳሚው ጮኸ። «ኧረ ሴትዮዋ የት ልትቀመጥ ነው?»

አሰለፈች ሰማችና ወጣች። «ውሰደው፣ አንተዬ። ጊታሬን ከያዝኩ ድንጋይም ላይ እቀመጣለሁ።»

እርገጤ አግዳሚውን ቆራረጠ። በግድግዳው ላይ ያለውን ንድፍ እየለካ ማቀፊያ ሠራ። የወር ሥራ ሆነ። በመሮ ጠረበው፣ ላገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ በሰም ወለወለው። ማቀፊያ ማለት እኮ ሥራው አለቀ ሲባል ጥግ የሚጣል ነገር ነው። እሱ ግን እንደ ሙሽራ አስጌጠው።

ጎረቤቱ ጋሽ ወንድይራድ ሊጠይቅ መጣ። በዚያ አገር ልማድ አናጢ ቤት ገብቶ አዲስ ሥራ ያየ ሰው ሳይመርቅ አይወጣም።

«አቤት አቤት! ጊታር የሚሉት ይሄ ነው?»

«የለም፣ ይሄ ማቀፊያው ነው።»

«ማቀፊያው እንዲህ ከሆነ እሱማ ምን ሊሆን ነው! እጅህ ይባረክ!»

ሌላውም መጣ፤ «እጅህ ይባረክ» አለ። ሦስተኛውም መጣ፤ «እጅህ ይባረክ» አለ። ጊታር የሚባል ነገር ሳይኖር የጊታሩ ምርቃት አለቀ። እርገጤን ደስ አለው። ሳይሠሩ መመስገን የመሰለ ምን ጣፋጭ ነገር አለ? እኔም ተመስግኜ አውቃለሁ፤ ጥርስ ያበሰብሳል።

በመሥሪያ ቤቱ በራፍ ባለው ምሰሶ ላይ አንድ ግንደ ቆርቁር አረፈ።

«ቆር ቆር ቆር! እርገጤ ሆይ፣ ምን ትሠራለህ?»

«ጊታር።»

«ጊታሩ የታል?»

«ማቀፊያው እነሆ።»

«ማቀፊያውን አየሁት። እኔ ቤት ስሠራ ግንዱን ነው የምቆረቁረው። ግንዱን ያልነካ ወፍ ዝናብ ላይ ያድራል።» ይህን ብሎ በረረ።

አሰለፈች ከውስጥ ተጣራች። «አንተዬ፣ ደረሰ?»

«አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፣ አሰሉ።»

ያቺ አንዲት ነገር ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ማቀፊያው ነው የፈጠራት። ማቀፊያው በሰም ካማረ በኋላ አፍ አወጣ። «ጌታዬ» አለው፣ «እኔን የመሰለ ማቀፊያ ሠርተህ፣ በእኔ ውስጥ የታቀፈን ጎን በገመድ ልታስር ነው? በድንጋይ ልትጫን ነው? እኔን ታዋርደኛለህ፤ ሥራህንም ታበላሻለህ። ወንድም ሥራልኝ፤ ማጥበቂያ ሥራልኝ።»

ጣውላው ከቆጡ ሆኖ፣ «እኔስ? የኔ ተራ መቼ ነው?» አለ።

«ነገ» አለ እርገጤ። ልቡ ማቀፊያው ከተናገረው ጋር ነበር። «ታበላሻለህ» የምትለዋ ቃል ገብታበታለች።

ነሐሴ ገባ። ደረቅ እንጨት ፈለገ። የመኝታ ቤቱ የመስኮት መዝጊያ የጥድ እንጨት ነው፣ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ሽታው ደስ የሚል። እርገጤ ማጠፊያውን ሲነቅል መዝጊያው ተማፀነው።

«እርገጤ፣ ከውጭ ነፋስ አለ። አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ ነው የምንታገለው። እኔ ከሄድኩ እሷን የሚያገኛት እሱ ነው።»

አሰለፈች ከአልጋዋ ሆና ሳል ይዟት ነበር። ሳሉ ሲለቃት፣ «ውሰደው» አለች። «በቁራጭ ጨርቅ እጋርደዋለሁ። ብቻ ቶሎ በልልኝ።»

ከመስኮቱ መዝጊያ ማጥበቂያ ተሠራ። የጊታሩ ፊትና ጀርባ ሲጣበቁ ዙሪያውን ጨብጦ የሚይዝ፣ ባለ አሥራ ሁለት ጣት ማጥበቂያ። እያንዳንዱ ጣት ይጠብቃል፣ ይላላል። ጋሽ ወንድይራድ መጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረና፣ «ይሄንስ መልአክ ነው የሠራው! እጅህ ይባረክ!» አለ። ማጥበቂያው አሥራ ሁለት ጣት ይዞ የሚጨብጠው ግን አልነበረውም፤ አየር ጨብጦ ተቀመጠ።

ነፋሱም ጨርቁን ገልጦ ገባ።

«ቆር ቆር ቆር! እርገጤ ሆይ፣ ምን ትሠራለህ?»

«ጊታር።»

«ጊታሩ የታል?»

«ማጥበቂያው እነሆ።»

«ክረምቱ እኮ እያለቀ ነው» አለ ግንደ ቆርቁር። «እኔ ጎጆዬን ቆርቁሬ ጨርሻለሁ። ትንሽ ወደ ግራ ጠሟል፤ ልጆቼ ግን ገብተውበታል።»

«አንተ ወፍ ነህ» አለ እርገጤ ተቆጥቶ። «ለወፍ ይበቃል።»

«አዎ፣ ወፍ ነኝ» አለ ግንደ ቆርቁርና ሄደ።

«አንተዬ፣ ደረሰ?»

«አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፣ አሰሉ።»

አሁን ደግሞ ማቀፊያውና ማጥበቂያው ተማከሩ። ሥራ የሌለው ምክር አያጣም። «ጌታዬ» አሉት ባንድ አፍ፣ «ሆዱን እኛ እንይዛለን። አንገቱንስ? ድምፁን የሚለየው አንገቱ ላይ ያለው መስመር ነው፤ መስመሩ የፀጉር ያህል ቢስት ጊታሩ ዕድሜውን ሙሉ ይዋሻል። በዓይንህ ልትገምት ነው? ሚስትህ በውሸት ጊታር ልትዘፍን ነው? የመጋዝ መምሪያ ሥራልን።»

«የኔ ተራ መቼ ነው?» አለ ጣውላው። ድምፁ ደክሟል።

«ነገ።»

መስከረም ሆነ። እርገጤ ቤቱን ቃኘ። ከዋንዛው በቀር የቀረ ደረቅ እንጨት አልጋው ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ ለሰርጋቸው የሠራው የዝግባ አልጋ።

አልጋው አልጮኸም። «እርገጤ፣ የዛን ጊዜም እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር» ብቻ አለው። «አልጋ ሠርተህ አታውቅም ነበር። አንዱ እግሬ እስከ ዛሬ አጭር ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ግን አስተኝቻችኋለሁ።»

እርገጤ ሰማ፣ ልቡ ግን አልሰማም። አሰለፈችን አቅፎ አንስቶ ከወለሉ ላይ፣ ከሰሌኑ፣ አስተኛት። ከስታ ታየችው፤ ክብደቷም ቀሎበታል። «ይህንን መምሪያ እንደጨረስኩ ጊታሯን እጀምራለሁ» አለ ለራሱ።

እሷም እጁን ያዘችው። «አንተዬ፣ ስማኝ። ጊታሩ ይቅር። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ።» የነጠላዋን ጫፍ አሳየችው፤ ክሮቹ ከነቋጠሯቸው አሉ። «ከነዚህ አንዷን ክር ውሰድና የትም ወጥራት። በሣጥን ላይ ይሁን፣ በዚያ በዋንዛው ጣውላ ላይ ይሁን። አንድ ጊዜ ብቻ ምታልኝ። አብሬያት አንዲት ቃል ልሞክር።»

ልጆቼ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ምላሴ ይከብደኛል። ሁለት ምስማር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ሁለት ምስማር፣ አንዲት ክርና ያ ጣውላ።

እርገጤ ግን፣ «አይሆንም፣ አሰሉ» አለ። «እንዲያ ከሰማሽው ያስቀይምሻል። የተበላሸ ድምፅ አላሰማሽም። ያማረውን ነው የማሰማሽ።»

አሰለፈች እጇን ቀስ ብላ መለሰች። «እሺ» አለች። ነጠላዋን አጣጥፋ ክሮቹን በጉያዋ አደረገቻቸው። ከዚያ ወዲያ «ደረሰ?» ብላ አልጠየቀችም። እርገጤም መጠየቅ መተዋን በጄ ብሎ ወሰደው፤ ሥራ ያዘው።

ጥቅምት ሲገባ ከአልጋው የመጋዝ መምሪያ ተሠራ። እያንዳንዱ መስመር የተለካ፣ መጋዝ ገብቶ የማይስትበት። ከሦስቱም የረቀቀው እሱ ሆነ። እርገጤ ሦስቱን በግድግዳው ላይ፣ ከአሰለፈች የከሰል ንድፍ ጎን፣ በተርታ ሰቀላቸው። ማቀፊያው፣ ማጥበቂያው፣ መምሪያው። አበሩ። «አሁን ስህተት የለም» አለ። «ነገ ጣውላውን አወርዳለሁ።»

ግንደ ቆርቁር ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። አልቆረቆረም።

«እርገጤ ሆይ» አለ።

«ምነው፣ ዛሬ ምን እሠራለሁ ብለህ አትጠይቀኝም?»

«በመስኮቱ በኩል ነው የመጣሁት» አለ ወፉ። «መዝጊያ የለውም፣ ውስጡ ይታያል። ሂድና እያት።»

እርገጤ መጋዙን ጥሎ ሮጠ።

የጥቅምት ነፋስ መጋረጃዋን ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛታል። አሰለፈች በሰሌኑ ላይ ፊቷን ወደ መሥሪያ ቤቱ አዙራ ተኝታለች። ከንፈሯ እንደ ሰርግ ቤቱ ጊዜ ትንሽ ተከፍቷል። እርገጤ፣ «አሰሉ!» አለ። «ደረሰ እኮ! አሰሉ፣ ጨረስኩ!» እየዋሸ ጮኸ። እሷ ግን ከመስማት አልፋ ነበር።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ጋሽ ወንድይራድ እርገጤን ትከሻውን ይዞ፣ «ሣጥኑን ሌላ አናጢ ከማዶ እናስመጣለን። አንተ ተቀመጥ» አለው።

«እሷን ለሌላ እጅ አልሰጥም» አለ እርገጤ።

በማለዳ መሥሪያ ቤቱ ገባ። በቤቱ የቀረ ደረቅ እንጨት አንድ ብቻ ነው። ከቆጡ አወረደው።

«ተራዬ ደረሰ?» አለ ጣውላው።

«ደረሰ።»

«ለጊታሩ ነው?»

እርገጤ በጣውላው ላይ የሣጥን ልክ አሰመረበት። ጣውላው ቤቱን ዞር ብሎ አየ፤ የለቅሶውን ድምፅ ሰማ፤ ገባው።

እርገጤ መጋዙን አነሳ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። መጋዙ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፤ ሰጋቱራው እግሩ ሥር ተከመረ።

«እርገጤ» አለ ጣውላው እየተሰነጠቀ፣ «አራት ወር ሙሉ ልትነካኝ ፈርተህ ነበር። ዛሬ እንዴት ደፈርከኝ?»

«ዛሬማ የሚበላሽ ምን ቀረ?» አለ እርገጤ።

ማቀፊያ አላስፈለገም። ማጥበቂያ አላስፈለገም። መምሪያ አላስፈለገም። ሦስቱም ከግድግዳው ሆነው ያያሉ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሣጥኑ አለቀ። አሥር ዓመት ለዘፈን የደረቀው ዋንዛ አብራው ከተወለደችው ሴት ጋር ወደ አፈር ወረደ።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ገላዋን ያጠቡት ሴቶች ነጠላዋን አምጥተው ሰጡት። እርገጤ ጨብጦት ተቀመጠ። ጫፉ ላይ የሚጎረብጥ ነገር እጁን ነካው። ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታው። ስድስቱ ክሮች፣ እንደተጠቀለሉ፣ አንዷም ሳትጎድል ወጡ። እርገጤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰው ሰውዬ፣ ሐዘን የሚደርሱት ሰዎች እስኪፈሩ ድረስ አለቀሰ።

ከዚያ ተነስቶ መሥሪያ ቤቱ ገባ።

ሣጥኑ ሲሠራ ከጣውላው የተረፈ አንድ ረጅም ጠባብ ቁራጭ ነበር። ለሁለት ጎን ይበቃል። እርገጤ ሰነጠቀው፣ አሳስቶ ላገው፣ ውሃ አጠጣው፣ በጋለ ብረት ላይ ቆለመመው። አንደኛው ጎን ወገቡ ላይ ስንጥር አወጣ። «ይውጣ» አለና በሙጫ መለሰው። ሁለቱንም በማቀፊያው ውስጥ አሳደራቸው። ማቀፊያው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አቀፈ።

ጠዋት ማቀፊያው በለሆሳስ፣ «ለካ ሥራዬ ይህ ነበር» አለ። «ለካ ወንድምም አያስፈልገኝም ነበር። እርገጤ፣ ይቅር በለኝ።»

«አንተ እንጨት ነህ» አለ እርገጤ። «የሰማሁህ እኔ ነኝ።»

ማጥበቂያውን ከግድግዳው አወረደ። ጣቶቹን ነቅሎ ጣለ፤ ጥዱን ገጣጥሞና አሳስቶ ለጊታሩ ፊትና ጀርባ አደረገው። መምሪያውን አፍርሶ ዝግባውን አንገት አደረገው። መስመሮቹን በዓይኑ ገመተ። በገመድ አሰረ፣ በድንጋይ ተጫነ። እንግዳው እንዳለው አንድ ማቀፊያ በቃው።

በስንት ቀን ጨረሰው ብላችሁ ነው? በአሥራ አንድ ቀን። አራት ወር የጠበቀችው ነገር የአሥራ አንድ ቀን ሥራ ነበር።

በአርባዋ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ጋሽ ወንድይራድ መሥሪያ ቤቱ ገብቶ ጊታሩን አየ። ጠማማ ነው። አንዱ ትከሻው ወርዷል፣ ወገቡ ላይ የሙጫ ጠባሳ አለ። የሚመርቅበት አፍ አጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ከበሩ ሥር ተቀመጠና ዓይኑን ጠረገ።

እርገጤ ጊታሩን ይዞ መዝጊያ ከሌለው መስኮት ሥር ተቀመጠ። መጫወት አያውቅም። አንዲት ክር ብቻ መታ።

«የታለች?» አለ ጊታሩ። በተወለደበት ቀን የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

እርገጤ ሁለተኛዋን ክር መታ።

«የምትዘፍነዋ የታለች?»

እርገጤ ሦስተኛዋን መታ። ያን ጊዜ የመለሰው እርገጤ አይደለም። ከጊታሩ ጎን፣ ከዋንዛው ውስጥ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ወጣ።

«አትጠይቀው» አለ። «ያኛው ግማሼ አቅፏታል።»

ግንደ ቆርቁር ከምሰሶው ላይ ሆኖ ሰማ፤ ሳይቆረቁርም ሄደ። እርገጤ ጊታሩን በአሰለፈች የከሰል ንድፍ ላይ ሰቀለው። አልገጠመም፤ እዚህ ያንሳል፣ እዚያ ይተርፋል። እንዲያው ሆኖ ኖረ። ነፋስ በመስኮቱ በገባ ቁጥር ክሮቹን እየነካ ያችኑ ጥያቄ ያስጠይቃቸው ነበር ይባላል።

ለዚህ ነው በዚያ አገር ያሉ ሰዎች አንድ ነገር ሊጀምር ፈርቶ ዙሪያውን የሚያስጌጥ ሰው ሲያዩ፣ «ማቀፊያውን ሲያሳምር የሚታቀፈው ሄደበት» የሚሉት።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል፤ እኔ ዛሬ ዳቦ አልፈልግም። ይልቅ ከመካከላችሁ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ያለው ካለ፣ ጠማማም ቢሆን፣ አንድ ክርም ብቻ ቢሆን፣ ዛሬውኑ ሄዶ ያሰማው።